ጥልቀትም ሙያ ነው፦ የራፕ ግጥም እንዴት ይመዘናል?

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ራፕ ግጥም ለመነጋገር ይህን ያህል ሰው መሰብሰቡ በጣም ደስ ብሎኛል። ጊዜ ሳላባክን ወደ ነገሬ ልግባ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራፕ የሚወዱ ሰዎች ከተገናኙ አንድ ክርክር አይቀርም። «ማን ይበልጣል?» የሚለው ክርክር። ስም ይጠራል፣ ከዚያ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ቤት አመታቱን፣ ፍሎውን (ቃሉ በምቱ ላይ የሚፈስበትን መንገድ)፣ ፍጥነቱን፣ ፓንችላይኑን (የሚመታውን መዝጊያ ስንኝ) ያነሳል። «የኛ ሰው በአንድ ባር ውስጥ አራት ቦታ ቤት ይመታል፤ ያንተው መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ» ይላል። ባር ማለት አራት ምት የሚይዝ አንድ የራፕ መስመር ነው። ሌላው ወገን «እሺ፣ ታዲያ ምን አለ? ቃል ደረደረ እንጂ ምን ተናገረ?» ብሎ ይመልሳል። ሌሊቱ ይነጋል፣ ክርክሩ ግን እዚያው ነው።

እኔ ሁለቱንም ወገኖች እወዳቸዋለሁ። የሚጮኹት ስለሚወዱት ነገር ነው። ግን ሁለቱም ሳያውቁት የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ የሚሳሳቱትም እዚያ ላይ ይመስለኛል። ችሎታ ማለት ለሁለቱም የድምፅ ጉዳይ ነው። ቤት መምታት፣ ፍጥነት፣ ትንፋሽ። ትርጉም ደግሞ ከልብ የሚመጣ፣ ቅን ለሆነ ሰው ሁሉ በነፃ የሚታደል ነገር ነው። አንዱ «ጎበዝ ነው» ይላል፣ ሌላው «ጥልቅ ነው» ይላል። ጥልቅ መሆን ራሱ ጉብዝና እንደሚጠይቅ ግን ማንም አያነሳም። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚህ ነው።

በሚቆጠረው ነገር እንጀምር። የቴክኒክ ወገን በክርክር ላይ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚያነሳው ነገር ይቆጠራል። የራፐሩ የኤሚነም ዘፈን «ራፕ ጋድ» በ2013 ወጣ። በ6 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ውስጥ 1,560 ቃላት አሉበት። በዚህም ጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ስታካፍሉት በሰከንድ ከ4 ቃል በላይ ነው። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም።

በ2014 ደግሞ ማት ዳኒየልስ የተባለ ሰው የብዙ ራፐሮችን ግጥም ሰበሰበ። ከእያንዳንዳቸው የመጀመሪያዎቹን 35,000 ቃላት ወሰደና ስንት የተለያየ ቃል እንደተጠቀሙ ቆጠረ። ኤሶፕ ሮክ በ7,392 ቃላት አንደኛ ወጣ። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ዲኤምኤክስ ነው፤ 3,214 ቃላት። ከአንደኛው ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ይህን እንደ ደረጃ ሰንጠረዥ ካነበብነው ዲኤምኤክስ ከሁሉም ደካማው ነው። ያው ሰው ግን በ1998 ሁለት አልበም አውጥቶ ሁለቱም በአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ ላይ በቀጥታ አንደኛ ሆነው ገብተዋል። ሽያጭ የጥበብ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማስረጃውን የማገኘው ራሱ ሥራው ውስጥ ነው። የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ ቢት፣ ማለትም ከሥር የሚሄድ የሙዚቃ ምት፣ የሌለው ጸሎት አለ። ሰውዬው ብቻውን ከፈጣሪው ጋር ያወራል። ቃሉ ተራ ነው፣ ማንም የሚያውቀው ቃል ነው። የሚጸልይ ሰው ብርቅ ቃል ፍለጋ አይወጣም። እዚያ ቦታ አንድ የተራቀቀ ቃል ቢገባ ጸሎቱ ጸሎት መሆኑ ይቀር ነበር፤ ሰውዬው ለእኛ እየተናገረ መሆኑን እናውቅበታለን። ቃል ማሳነሱ እዚያ ላይ ልኩን ያወቀ ሰው ሥራ ነው።

ቁጥር ራፐሩ ምን እንዳደረገ ይነግረናል። ለምን እንዳደረገው ግን አይነግረንም። «ራፕ ጋድን»ም ቢሆን ፍጥነቱን ብቻ ነጥለን ካየነው እንበድለዋለን። ዘፈኑ የሚለው «በዚህ ሙያ የሚስተካከለኝ የለም» ነው። ይህን የሚል ሰው በፍጥነት ቢናገር፣ ፍጥነቱ የንግግሩ ማስረጃ ነው። ሐሳቡ ጥልቅ ላይሆን ይችላል፤ የገባውን ቃል ግን ይጠብቃል። ስለ ወንድሙ ሞት የሚናገር ሰው በዚያው ፍጥነት ቢሄድ ግን ምክንያቱን እጠይቀዋለሁ።

አሁን ወደ አማርኛ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ የተለመደውን መመዘኛ እንዳለ አምጥተን አማርኛ ላይ ስንጭነው ብዙ ጊዜ እንሸወዳለን።

በአማርኛ ቤት መምታት በጣም ቀላል ነው። ግሱ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል፤ ሲመጣም ማን ማንን እንዳደረገ በጭራው ይዞ ነው። «አየኋቸው፣ ሰማኋቸው፣ ተውኳቸው።» ሦስት ስንኝ፣ ሦስት ቤት፣ ምንም ልፋት የለም። ቤቱን የመታው ራፐሩ ሳይሆን ሰዋስው ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ግስ እንደዚህ መጨረሻ ላይ እየተሰለፈ ስለማይጠብቅ ራፐሩ ቤት የሚመታ ቃል መፈለግ አለበት፤ ፍለጋው ራሱ ይደነቅለታል። አማርኛ ላይ «ኋቸው»ን ከ«ኋቸው» ጋር አሥር ጊዜ ያጋጨ ልጅ ለጆሮ ምንም አላመጣም። ጆሮ ቶሎ ይሰለቻል፤ ቀጣዩን ቤት ሳይመጣ ያውቀዋልና።

ስለዚህ አማርኛ ራፕ ስሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ቤት መታ ወይ?» አይደለም። «ቤቱን ያመጣው ምንድን ነው?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ስም ከግስ ጋር ሲገጥም፣ አንድ ቃል ከሁለት ቃላት ጥምር ጋር ሲገጥም፣ ያኔ ሰው ሠርቷል ማለት ነው። ለዛሬ ያዘጋጀኋቸው ጥቂት ስንኞች አሉ። የመጀመሪያው ይኸው፦

ወዳጆቼ ሁሉ ተመልሰው ከበሩ፣
እኔ ውስጥ ስደኸይ እነሱ ከበሩ።

ወረቀት ላይ ሁለቱ መጨረሻዎች አንድ ናቸው። አፍ ላይ ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው «ሩ» ላይ ይጠብቃል፤ ከደጃፉ ማለት ነው። ሁለተኛው «በ» ላይ ይጠብቃል፤ ክብር አገኙ ማለት ነው። ይህን የሚያወጣው ድምፅ ነው። ራፐሩ ማጥበቂያውን በቢቱ ምት ላይ በትክክል ካላሳረፈው ሁለቱ ይምታታሉ፣ ግጥሙም ይጠፋል።

እዚህ ላይ የምወደውን ፈተና ላስተዋውቃችሁ። ግጥሙን በተራ ንግግር ገልብጡት። «ጓደኞቼ ሳይጠይቁኝ ተመለሱ፤ እነሱ ሲከብሩ እኔ ደኸየሁ።» ከዚያ «ምን ጠፋ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ ስንኝ የጠፋው በሩ ነው። በግጥሙ ውስጥ መመለሳቸውና መክበራቸው አንድ ድምፅ ነበራቸው። የከበሩት ባለመግባታቸው እንደሆነ የሚነግረን ቃል የለም፤ የሚነግረን የድምፁ መገጣጠም ነው። ቴክኒኩን ስናወጣ ትርጉሙም አብሮ ወጣ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ «ቴክኒክ ወይስ ትርጉም» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ የሚለያይ ነገር የለም።

አሁን ሌላ ስሙ፦

ቀለሜ ቀለበት፣ ሕልሜ ያለቀለት፣
ማን ቀረ ማን ቀደመ ወሬው ያለቀበት።

ይህኛው ጆሮ ይሞላል። «ቀለበት»፣ «ያለቀለት»፣ «ያለቀበት» እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ጥሩ ቢት ላይ ቢቀመጥ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። በተራ ንግግር ገልብጡት እስቲ። «እኔ ጎበዝ ነኝ» የሚል ነገር ይወጣዋል። ቀለም እንዴት ቀለበት እንደሚሆን አይታወቅም። ቃሉ የተጠራው ለድምፁ ብቻ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ስንኝ ግን አልንቅም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለን ብዙዎቻችን እንግሊዝኛው በወጉ ሳይገባን ነው ራፕን የወደድነው። መጀመሪያ የያዘን ፍሎው ነው፤ ትርጉሙ ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣ፣ አንዳንዱም እስካሁን አልመጣም። ያ ደስታ እውነተኛ ደስታ ነበር። ድምፅን መጫወት የራፕ ግማሽ አካሉ ነው። የምቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድምፅ ጨዋታውን ወስዶ ከእሱ በላይ የሆነ ነገር እንደተናገረ ማስመሰል።

በተቃራኒው ደግሞ ጥልቅ እየተባለ የሚሞገሰውን እንይ። ይህኛው ከባለፈው ይበልጥ ያሳስበኛል። እንዲህ ያለ ስንኝ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል፦

ድህነት ክፉ ነው፣ ሰውን ያሰቃያል፣
ተባብረን ከሠራን ሁሉም ይለወጣል።

ሐሳቡ እውነት ነው። የሚቃወም ሰው አይገኝም። ችግሩም እሱ ነው፤ ማንም የማይቃወመውን ነገር ስንሰማ ምንም አይሆነንም። በተራ ንግግር ብትገለብጡት ራሱ ተራ ንግግር ነበርና ምንም አይጠፋም። ሆኖም ይህን የጻፈ ሰው «መልእክት ያለው ራፐር» ይባላል። ለምን? ርዕሱ ከባድ ስለሆነ ነው። የርዕሱን ክብደት የግጥሙ ክብደት አድርገን እንቆጥረዋለን። ስለ ድህነት ወይም ስለ ጦርነት ያወራ ሁሉ ጥልቅ ይባላል። ስለ አንዲት ትንሽ ጠብ በጥንቃቄ የጻፈ ሰው ደግሞ «ቀላል ነገር ነው የሚያወራው» ይባላል። ትልቅ ርዕስ መምረጥ ግን ማንም የሚችለው ነገር ነው። ርዕሱን ለመምረጥ አንድ ደቂቃ በቂ ነው።

ስለዚያው ስለ ድህነት አንድ ሌላ ስሙ፦

«ጠገብኩ» አለች እናቴ እጇን ሳትታጠብ፣
ልጅ ነበርኩ፣ አመንኳት፣ በላሁባት ሳላስብ።

እዚህ «ድህነት» የሚል ቃል የለም። «ረሃብ»ም የለም። ቤት አመታቱ ቀላል ነው፤ «ብ» ከ«ብ» ጋር ብቻ። በስንኙ መሀል የሚመታ የውስጥ ቤት የለውም፣ ፓንችላይን የለውም። ቆጥሮ ነጥብ የሚሰጥ ሰው ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል። ግን ሥራ አለበት። እጇን ሳትታጠብ ጠገብኩ ማለቷ ጭራሽ እንዳልቀረበች ይነግረናል። ልጁ ያኔ አላየም፤ አሁን ሲናገር ግን አይቷል። «በላሁባት» ሲል ጸጸቱን ሰማነው፣ ተጸጸትኩ ሳይል። የቱን ዝርዝር ላስገባ፣ የቱን ልተው፣ ማን ይናገር፣ መቼ ይናገር የሚለው ሁሉ ውሳኔ ነው። ሙያ የምለው ይህን ነው። ቤት ከመምታት አይቀልም። እንዲያውም ይከብዳል፤ ቤት ሲመታ ወዲያው ይሰማል፣ የተመረጠ ዝርዝር ግን ዝም ብሎ ያልፋል።

ከራፕ ታሪክ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በጣም የምወደው ምሳሌ ስለሆነ ታገሱኝ።

በ1982 የግራንድማስተር ፍላሽ እና ፊዩሪየስ ፋይቭ «ዘ ሜሴጅ» ወጣ። ግጥሙ በአብዛኛው የሜሊ ሜል እና የኤድ ፍሌቸር ነው፤ ፍሌቸር ዱክ ቡቲ በሚለው ስሙ ይታወቃል። ያኔ ራፕ በዋናነት የጭፈራ ሙዚቃ ነበር። ይህ ዘፈን ግን ስለ ተሰባበረ መስታወት፣ ስለ አይጥ፣ ስለ ዕዳ አወራ። በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለታሪክ ይጠበቁ ብሎ በመጀመሪያው ዙር ከመረጣቸው 50 የድምፅ ቅጂዎች አንዱ ሆኗል። ራፕ ጥልቅ መሆን የጀመረው ከዚህ ነው የሚል ብዙ ሰው አለ።

የዘፈኑ የመጨረሻ ቨርስ፣ ማለትም የመጨረሻው የግጥም ክፍል፣ ሰውን ዝም ያሰኛል። አንድ ልጅ በድሃ ሰፈር ይወለዳል። የሰፈሩን ወሮበሎች እያደነቀ ያድጋል፣ ትምህርቱን ይተዋል፣ ዘረፋ ይገባል፣ ይታሰራል፣ በመጨረሻም እስር ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ይገኛል። አሁን ልብ በሉ። ይህ ቨርስ ለ«ዘ ሜሴጅ» የተጻፈ አልነበረም። ያው ቡድን በ1979 ባወጣው «ሱፐርራፒን» ውስጥ ሜሊ ሜል ብሎት ነበር። ያ ዘፈን 12 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለጭፈራ የተሠራ ነው፤ ራፐሮቹ እየተቀባበሉ ስለ ራሳቸው ይፎክራሉ። የልጁ ታሪክ በዚያ ሁሉ ፉከራ መሀል ይመጣል፣ ያልፋል።

ቃሉ ያው ነው፣ ቤት አመታቱም ያው ነው፣ የሚናገረውም ያው ሰው ነው። ሦስት ዓመት አለፈና ያው ቨርስ የራፕን ታሪክ ከለወጡት ቨርሶች አንዱ ሆነ። የተለወጠው ምንድን ነው? ቢቱ ዘገየ፣ በመሀል ክፍተት በዛ። ከፊቱ ያሉት ቨርሶች ሰፈሩን አሳዩን፣ ምሬቱን አንድ በአንድ ከመሩ። ልጁ ሲመጣ የሚያድግበትን ቦታ አስቀድመን እናውቀዋለን። ታሪኩ የመጨረሻ ሆነ፤ ከእሱ በኋላ የሚፎክር ሰው የለም። ጥልቀቱ በቃሉ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ በ1979ም ሁሉም ይሰማው ነበር። ቦታው፣ ፍጥነቱ፣ ቅደም ተከተሉ ናቸው ያወጡት። እነዚህ ሁሉ ቴክኒክ ናቸው።

ይህ በሌላም አቅጣጫ ይሠራል። በ1987 ኤሪክ ቢ እና ራፐሩ ራኪም «ፔይድ ኢን ፉል» የተባለውን አልበም አወጡ። ራኪም ስሙ ሲነሳ ሁሉም የውስጥ ቤት አመታቱን ያነሳል፤ ትክክል ነው። ከእሱ በፊት አብዛኛው ራፐር ቤቱን የባሩ መጨረሻ ላይ ይመታና ያርፋል፣ ድምፁንም ከፍ ያደርጋል። ራኪም ሳክስፎን የተማረ ሰው ነው። ድምፁን ሳያነሳ፣ ቤቱን በባሩ ውስጥ እየበተነ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከአንዱ ባር ወደ ሌላው ያሻግረው ነበር።

ብዙ ጊዜ የማይነሳው የዚህ ውጤት ነው። ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ባር መጨረሻ ላይ እንዲያልቅ ከተገደደ ሐሳቡም አጭር ይሆናል። ፉከራ ይመቸዋል፣ መፈክር ይመቸዋል። «ግን»፣ «ምናልባት»፣ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚል ሐሳብ ቦታ ያጣል። ዓረፍተ ነገሩ መሻገር ሲችል ሰው ማሰብ ይችላል፣ መጠራጠር ይችላል፣ ያለውን መልሶ ማረም ይችላል። ከዚያ በኋላ የመጡት ረጅም ሐሳብ የሚጎትቱ ራፐሮች በዚህ በር ነው የገቡት። አንድ የድምፅ ፈጠራ ለትርጉም ክፍል ሠራ ማለት ነው። «ቴክኒክ ባዶ ነው» ለሚሉ ወዳጆቼ ይህን ሁልጊዜ አነሳባቸዋለሁ።

ቦታ ጠባብ መሆኑንም አትርሱ። የተለመደው ቨርስ 16 ባር ነው። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ቢት ላይ 43 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው፣ ቦታና ክስተት ማምጣት አለብህ፣ ያውም ቤት እየመታህ። ስለዚህ ከየት ቆመህ እንደምትናገር መምረጥህ ብዙ ነገር ይወስናል።

ናስ በ1996 «አይ ጌቭ ዩ ፓወር» ውስጥ ያደረገውን እዩ። የሚናገረው ሽጉጥ ነው። ስለ ግድያ ዘፈን መጻፍ ቀላል ነበር፤ «መገዳደል ይብቃ» ይባልና ያልቃል። እሱ ግን ሽጉጡን አናገረው። ሽጉጡ ሰልችቶታል። እጅ ለእጅ ሲዘዋወር ኖሯል፣ የገደላቸው ሰዎች ይታወሱታል። በመጨረሻ ለባለቤቱ አልተኩስም ይላል፣ ጥይቱ ይከሽፋል። እፎይ እንላለን። ግን በዚያው ቅጽበት ባለቤቱ ተተኩሶበት ይወድቃል። ሽጉጡ እምቢ ስላለ ሰው ሞተ። ከዚያ ሌላ እጅ ያነሳዋል።

እዚህ ውስጥ ስብከት የለም። ሽጉጡ ጥሩ ሊሆን ሞከረ፣ አልቻለም፤ ሽጉጥ ነዋ። ስለ ኃላፊነት ብዙ ያወራሉ የሚባሉ ዘፈኖች ይህን ያህል አያስጨንቁኝም። ናስ ቤት አመታቱ ጎበዝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እዚህ ዘፈን ላይ ግን ትልቁ ችሎታው ማን እንዲናገር መወሰኑ ነው። ይህን የሚቆጥር ሰንጠረዥ እስካሁን አላየሁም።

ኬንድሪክ ላማር ደግሞ በ2012 «ሲንግ አባውት ሚ፣ አይም ዳይንግ ኦፍ ተርስት» ላይ ሌላ ነገር አደረገ። በመጀመሪያው ቨርስ የሚናገረው ወንድሙ የተገደለበት ወጣት ነው። አልበምህ ሳይወጣ እኔ ከሞትኩ ብሎ ሊቀጥል ሲል የተኩስ ድምፅ ያቋርጠዋል። ዓረፍተ ነገሩ አያልቅም። በሁለተኛው ቨርስ የምትናገረው ሴት ተቆጥታለች። ኬንድሪክ ቀደም ባለ ሥራው የእህቷን ታሪክ ተርኮ ነበር፤ ማን ፈቀደልህ ነው የምትለው። እኔ አልጠፋም፣ አልደበዝዝም እያለች ትናገራለች፣ ድምፅዋ ግን ቀስ በቀስ እየራቀ ይጠፋል። እያወራች ትጠፋለች።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ወረቀት ላይ ብታነቡ አታገኟቸውም። የተቋረጠው ዓረፍተ ነገርና የራቀው ድምፅ የቀረጻ ሥራ ናቸው። ከዚያ በላይ የሚገርመኝ ግን ሁለተኛው ቨርስ ራሱ መኖሩ ነው። የሌሎችን ሕመም በመተረክ የሚደነቅ ራፐር፣ «ሕመማችንን የሸጥከው አንተ ነህ» የምትለውን ሴት መድረኩ ላይ አቆማት፣ ጥሩ ግጥምም ሰጣት። ለእሱ የሚመች ቃል አፏ ውስጥ አላስቀመጠም። ተቃዋሚን አዳክሞ ማቅረብ ቀላል ነው። አጠንክሮ ማቅረብ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ድፍረትም ሙያም።

እንግዲህ መመዘኛዬን በግልጽ ልናገር። አንድ ቨርስ ሲመጣ መጀመሪያ ሳላነብ እሰማዋለሁ። ራፕ ለጆሮ የተሠራ ነው፤ በጽሑፍ ጀምሬ ልፈርድበት አልፈልግም። ከዚያ ምን ሊያደርግ እንደተነሳ እጠይቃለሁ። ሊፎክር ነው? ሊያስቅ ነው? ሊተርክ ነው? ባትል፣ ማለትም ሁለት ራፐሮች ፊት ለፊት በግጥም የሚፋለሙበት ውድድር፣ ላይ የቆመን ሰው የሕይወትን ትርጉም አልጠይቀውም። ከፊቱ የቆመውን ሰው በደንብ አይቶት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ የጥሩ ባትል ጥልቀት እዚያ ነው። የማንም ስም ቢገባበት የሚሠራ ስድብ ደካማ ስድብ ነው። ከዚያ በኋላ በተራ ንግግር እገለብጠውና የጠፋውን አያለሁ። ብዙ ከጠፋ ቴክኒኩ ሠርቷል። ምንም ካልጠፋ ቤቱ ጌጥ ነበር ማለት ነው። ተገልብጦ ምንም የማይቀር ከሆነ ደግሞ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ያኔ ድምፁ ብቻውን ይበቃ እንደሆነ መልሼ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ይበቃል።

ንግግሩ እዚህ ላይ ነበር ያበቃው። ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ግን ከነመልሳቸው አሰፍራለሁ፤ ከንግግሩ የተሻለ ነገር ያወጡኝ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከኋላ ወንበር መጣ። «ግድ ምረጥ ብትባል የቱን ትመርጣለህ? ባዶውን ጎበዝ ወይስ ያልሰላውን ቅን?»

ባዶውን ጎበዝ እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ባዶው ጎበዝ እንድደሰት ጠርቶኝ አስደሰተኝ። ሌላው ግን ስለ ሰው ስቃይ ሊነግረኝ ጠርቶኝ ሁላችንም የምናውቀውን መፈክር ደገመልኝ። ስተቸው ደግሞ ከርዕሱ ጀርባ ይቆማል፤ «ስለ ድሃ ማውራት ጥፋት ነው?» ይላል። ጥፋቱ ስለ ድሃ በግዴለሽነት ማውራት ነው። የሰው ሕመም ለሰነፍ ስንኝ መሸፈኛ ሲሆን ያናድደኛል። ለቅንነቱ ክብር አለኝ። ቅን ከሆነ ግን ቁጭ ብሎ ይሥራው፤ ያነሳው ነገር ከማንም ፉከራ በላይ ልፋት ይገባዋል።

ሁለተኛውን የጠየቀችው ወጣት ራፐር ናት። «እሺ፣ እኔ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?» አለች።

የጻፍሽውን አንድ 16 ባር አውጪ። እያንዳንዱን ስንኝ ጎኑ ላይ በተራ ንግግር ገልብጪው፣ ለጓደኛሽ በስልክ እንደምትነግሪው አድርገሽ። ከዚያ ሁለቱን አስተያዪ። የተራው ንግግር ከስንኙ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ስንኙን ሰርዢው። ቤቱን ያመጣልሽ የግሱ ጭራ ብቻ ከሆነም ምልክት አድርጊበት። ትልቅ ትልቁን ቃል፣ «ሕይወት»ን፣ «ትግል»ን፣ «ፍቅር»ን፣ አውጪና በቦታው ያየሽውን አንድ ነገር አስገቢ። ዓይንሽ ያየውን፣ እጅ የነካውን። ስትጨርሺ አራት ስንኝ ከተረፈልሽ ጥሩ ነው። አሥራ ሁለቱን እንደገና ጻፊያቸውና ቢት ላይ ጮክ ብለሽ ሞክሪያቸው።